ኮልባክ ወይስ ፕሮሚስ?

ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለህ ኮድ ስትጽፍ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ይላል፤ በጃቫስክሪፕት የላክኸው የኤፒአይ ጥሪ፣ ማለትም ከሌላ ሰርቨር ዳታ የምትጠይቅበት፣ ሲከሽፍ ምን ይሆናል የሚለው ቀልድ አይደለም።

ለአንድ ጥሪ ኮልባክ ምንም አይልም። ፈንክሽኑን ትሰጠዋለህ፣ መልሱ ሲመጣ ይጠራልሃል፣ አለቀ። ጣጣው ተጠቃሚውን፣ ከዚያ ትዕዛዙን፣ ከዚያ ክፍያውን በተራ ማምጣት ሲኖርብህ ነው፤ ኮዱ ወደ ቀኝ እየገባ እየገባ ይሄዳል፣ በየደረጃው ኤረሩን ራስህ ካላየኸው ደግሞ ተውጦ ይቀራል። ላይብረሪው ኮልባክህን ሁለቴ ቢጠራውስ? ክፍያው ሁለቴ ሊመዘገብ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ጃቫስክሪፕት የገባው ፕሮሚስ፣ ማለትም ገና የሚመጣውን ውጤት የሚወክል ኦብጀክት፣ ግን አንዴ ከተሳካ ወይም ከከሸፈ ውጤቱ አይቀየርም። መልሱን ጠብቆ ወደ ቀጣዩ መስመር በሚያልፉት፣ በ2017 በመጡት አሲንክና አዌት ከጻፍከው አንድ ትራይ ካች (ኤረር የሚይዘው የኮድ ክፍል) የሦስቱንም ጥሪ ኤረር ይይዝልሃል። ለኤፒአይ ጥሪ እኔ ያለ ጥርጥር ፕሮሚስ ነኝ። በተን ሲነካ እንደሚደጋገም ላለ ነገር ብቻ ኮልባክን ተጠቀም፤ ፕሮሚስ የሚመልሰው አንዴ ነው።