ባለ 38 ሊትሩ ቦርሳዬ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ኅዳር መርካቶ፣ ሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው ያገኘሁት። ግራጫ፣ ባለ 38 ሊትር፣ ጀርባው ላይ ደጋፊ ብረት የሌለው የጉዞ ቦርሳ። ሻጩ 4,000 ብር ብሎ ጀመረ። ገለባብጬ አየሁትና «ብረቱስ የታል?» አልኩት። ትንሽ ደነገጠ። በ2,800 ተስማማን። ብረት የሌለው ቦርሳ ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ እንደተንከራተትኩ አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ሱባ ጫካ አንድ ሌሊት፣ ወንጪ ሁለት ሌሊት፣ ባሌ አራት ሌሊት አድሯል። በየመሀሉ እንጦጦ ወጥቶ ወርዷል። ክረምቱ ሲገባ ጉዞ አቆምኩ፤ አሁን በር ጀርባ ተሰቅሏል። ሳልረሳው የታዘብኩትን ልጻፍ።

ከወዲሁ ልናገር፣ ምቹ ቦርሳ አይደለም። የጠቀመኝ በትንሽነቱ ነው። ከዚህ በፊት የምጓዘው ከጓደኛዬ በምዋሰው ባለ 65 ሊትር ነበር። ባዶውን 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ቦታ ስላለው ሁሉንም እከትበታለሁ፤ ሁለተኛ ጂንስ፣ ትልቅ ፎጣ፣ ሙሉ ጠርሙስ ሻምፖ፣ «ምናልባት ካስፈለገ» የተባለውን ሁሉ። ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ እንደ ቄጤማ ይንቀጠቀጣል። የአሁኑ 850 ግራም ነው። የመዘነልኝ የሰፈራችን ሽንኩርት ሻጭ ነው፤ ቦርሳውን ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጥ «ኪሎውን በስንት ልትሸጪልኝ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ።

ሙሉውን ጭነት ለመመዘን ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? መጀመሪያ ባዶዬን ወጣሁ፣ 57። ከዚያ ቦርሳውን አዝዬ ወጣሁ፣ 67። ልጁ «እህቴ፣ በአንድ ደቂቃ አስር ኪሎ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። የሁለት ሰው ሂሳብ ከፈልኩት። ያ አስር ኪሎ የባሌው ጭነቴ ነበር። ድንኳን 1.6፣ ስሊፒንግ ባግ 1.35፣ ምንጣፍ 0.3፣ ልብስ 1.2፣ ጥቃቅን ነገር 0.7፣ ስንቅ 2.5፣ ውሃ 1.5፣ ቦርሳው ራሱ 0.85። ተራራ የለመዱ ሰዎች ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ መሸከም አይመከርም ይላሉ። የእኔ ድርሻ 11 ኪሎ ግድም መሆኑ ነው። ቦርሳውም ልክ እዚያ ላይ ነው መማረር የሚጀምረው። ወንጪ ላይ 12 ኪሎ ጭኜበት ትከሻዬ ሁለት ቀን ሙሉ ቀልቶ ሰነበተ።

ብረት የሌለው ቦርሳ ዝም ብሎ ዕቃ ከተጨመረበት እንደ ድንች ጆንያ ይድቦለቦላል። የጥዱ ሥር ሳይሆን የገዛ ድስቴ ነበር ሱባ ላይ ጀርባዬን ሲወጋኝ የዋለው። መፍትሔው የተገኘው ከምንጣፉ ነው። ለስፖርት የሚሸጠውን፣ ውሃ የማይመጠውን ጠንካራ ስፖንጅ ከትከሻዬ እስከ ዳሌዬ ብቻ እንዲደርስ ቆረጥኩት። አራት ቦታ አጥፌ ከጀርባዬ በኩል፣ ከዕቃው ሁሉ በፊት አስገባዋለሁ። ቀን የቦርሳው አጥንት ይሆናል። ሲደክመኝ አውጥቼ እቀመጥበታለሁ። ማታ እተኛበታለሁ፤ እግሬ ሥር ባዶውን ቦርሳ አነጥፋለሁ። 900 ብር ነው ያወጣሁበት። ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ ለገንዘቡ እሱን የሚያህል የለም። ሌሊት ሙቀት የሚሰርቀው መሬቱ ነውና ስሊፒንግ ባግ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥር ያለው የባጉ ክፍል በሰውነታችን ተጨፍልቆ አየር ስለማይዝ አያሞቅም።

ስለ ስሊፒንግ ባግ ካነሳን አይቀር፣ የእናቴን ጋቢ ልናዘዝ። «ጋቢ ሳትይዢ ጫካ ልታድሪ? ብርዱ አጥንትሽን ነው የሚቆጥረው» ብላ ሱባ ስሄድ በግድ አስያዘችኝ። ለቤትና ለአውቶቡስ ጋቢን የሚያህል የለም፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ጥጥ ነው። ሌሊቱን ጤዛ ጠጥቶ አደረና ጠዋት ጨምቄው ውሃ ወጣው። ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ሌላውንም ልብስ አረጠበብኝ። ለእማዬ «በጣም ሞቆኝ ነበር» አልኳት። ከዚያ በቀጥታ ሰልባጅ ተራ፣ 3,500 ብር።

እዚህ ላይ የምትገዙ ሰዎች ተጠንቀቁ። የኔው ባግ ላይ በትልቁ የተጻፈው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ነው። ውስጡ የተሰፋችው ትንሿ ጨርቅ ላይ ግን ሦስት ቁጥሮች አሉ። አንዱ በምቾት የሚተኛበት፣ ሁለተኛው ተኮራምቶ የሚታደርበት፣ ሦስተኛው በሕይወት ለመቆየት ብቻ የሚሆነው። በትልቁ የሚጻፈው አንዳንዴ ሦስተኛው ነው። የኔው የምቾት ቁጥር ከዜሮ በላይ 3 ነው። የምቾቱ ልኬት ሴትን፣ የሁለተኛው ደግሞ ወንድን ታሳቢ አድርጎ የሚወጣ ስለሆነ እኔ የማየው የመጀመሪያውን ነው። ባሌ ውስጥ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ልብሴን ሁሉ ለብሼ፣ ካልሲ በካልሲ ደርቤ ነው ያደርኩት። ከድንኳኑ ውጪ የረሳሁት ሃይላንድ ጠዋት በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ።

ሃይላንድ ስል ያው ባዶውን የውሃ ላስቲክ ነው። የብረት ኮዳዬን ከተውኩ ቆየሁ። ሁለት ባለ አንድ ሊትር ላስቲክ ከምንም የማይቆጠር ክብደት አላቸው፤ ቢቀደዱም የትም ይገኛሉ። አንድ ነገር ብቻ፣ የፈላ ውሃ አትጨምሩባቸው። እዚያው ባሌ፣ ራፉ የሚባል ቦታ ላይ ለእግሬ ማሞቂያ ብዬ ሞከርኩት። ዓይኔ እያየ ተኮማትሮ እንደ ደረቀ ሎሚ ሆነ።

ወደ ስንቁ ልምጣ። አያቶቻችን ይህን ነገር ጨርሰውታል። ሰዎች ውጭ አገር በሚያብረቀርቅ ከረጢት የታሸገ ደረቅ ምግብ በውድ ዋጋ ይገዛሉ። እኛ በሶ አለን። እሳት አይፈልግም፤ ቀዝቃዛ ውሃና ትንሽ ጨው ወይም ማር ይበቃዋል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ እየሄዱ የሚበላ ነው። ድርቆሽና ቋንጣ ለእራት። ለአምስት ቀን 2 ኪሎ ተኩል ያዝኩ፤ አንድ እፍኝ ቆሎ ብቻ ተርፎ ተመለሰ። ባሌ ደርሼ ደግሞ ጩኮ ቀመስኩ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ። አንድ ግራም ቅባት ከአንድ ግራም ዱቄት ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይሰጣል፤ ለተሸካሚ ሰው ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላየሁም። አስጎብኚያችን ሦስት ዓይነት የታሸገ ብስኩት ይዘን መምጣታችንን አይቶ «እዚህ አገር ገብስ አለቀ ብለዋችሁ ነው?» አለን።

ምስር ግን እንዳትይዙ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ግድም ላይ ነው። አረፋው ይንተከተካል፤ ምስሩ ግን ጠጠር እንደሆነ ይቀራል። ላምባውን ጨርሰን ተራበን። ከለስላሳ ቆርቆሮ የሠራሁት የአልኮል ምድጃም ነፋሱን አልቻለውም። እሱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም፣ እጅ ያቃጥላል፣ የእጅ ማጽጃውን ባለ 70 በመቶ አልኮል ካደረጋችሁበት ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ውሃ ሆኖ ይጠፋል። ቤት ትቼዋለሁ።

አሁን ሐቁን። ባሌ ላይ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። ጓደኞቼ ፈረስ ተከራይተው ቦርሳቸውን ጫኑ። ድስቱና የላምባ ምድጃው በዚያው ፈረስ ነው የሄዱት፣ ሻዩንም አብሬ ጠጥቻለሁ። ስለዚህ «ሁሉንም በጀርባዬ» ብል እዋሻለሁ። የራሴን መኝታ፣ ልብስና ስንቅ ግን ራሴ ተሸክሜያለሁ። የፈረሱ ባለቤት፣ ስድሳ የሚሆናቸው አባት፣ ዲንሾ ላይ ቦርሳዬን በሁለት ጣት ብድግ አድርገው «ልጄ፣ ይኼ ብቻ ነው? ሌላውስ?» አሉኝ።

መጀመሪያው ቀን ከሰዓት ወብ ሸለቆ ላይ ጉም ወረደብን። ፈረሱ ከኋላ ቀረ። ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። የጓደኞቼ ጃኬት ፈረሱ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አለት ተጠግተን ስንጠብቅ አንዷን ጃኬቴ ውስጥ፣ አንዷን ስሊፒንግ ባጌ ውስጥ ከትቼ እኔ በዝናብ ልብሴ ቆምኩ። ቦርሳውን ማጋነን ካማረኝ የሚያምርብኝ እዚህ ጋ ነው።

በማግስቱ ግን ጉድ ሠራኝ። ወደ ራፉ ስንወጣ፣ ያ እንደ ግንብ የቆመ የድንጋይ ምሰሶ የበዛበት ቦታ ሊታየን ሲል፣ የወገቡ ቀበቶ በግራ በኩል ከስፌቱ «ጨርር» ብሎ ለቀቀ። ክብደቱን ዳሌ ላይ የሚያሳርፈው ቀበቶው ነው። ከተበጠሰ አስር ኪሎው ሙሉ ትከሻ ላይ ነው። ካምፕ ስንደርስ አባባ ዝም ብለው ቦርሳውን ተቀበሉኝ። ከኮርቻው ኪስ ወስፌና ጥቁር የናይሎን ክር አወጡ። ቀበቶውን ጉልበታቸው ላይ ወጥረው፣ በወስፌው እየበሱ፣ በአንድ ቀዳዳ ሁለቴ እያሳለፉ ሰፉት። ጫፉን በክብሪት አቃጥለው በአውራ ጣታቸው ደፈጠጡት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ገንዘብ ላውጣ ስል ተቆጡኝ። ቋንጣ ግን ተቀበሉኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ሰፈሬ ያለው ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት፤ «ይህንን ጎን ማን ሰፋው? አልነካውም፣ ያኛውን ብቻ ልምታልሽ» አለኝ። 150 ብር አስከፈለኝ። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ይዞልኛል።

ሌላው ጣጣው ዚፑ ነው። አቧራ ሲገባበት ይነክሳል፤ ሻማ አሽቼበት ለዘብ ብሏል። ጨርቁ ዝናብ ያስገባል። አብሮት ያለው መሸፈኛ ደግሞ ሳነቴ ላይ ነፋስ ወስዶት ጅብራ ላይ ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት። አሁን ውስጡን በትልቅ የቆሻሻ መጣያ ላስቲክ እሸፍናለሁ። ዕቃው ላስቲኩ ውስጥ፣ ላስቲኩ ቦርሳው ውስጥ። ውጪው እንደፈለገ ይርጠብ። የውሃ ማጣሪያ የያዛችሁ ደግሞ ሌሊት አብራችሁት ተኙ፤ ውስጡ ውሃ ከቀዘቀዘ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። እኔ መድኃኒት ጠብታ ነው የምጠቀመው፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቁ ቢያሰለችም።

ባጠቃላይ ድንኳኑን ሳይጨምር (እሱን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በሻንጣዋ ነው ያመጣችልኝ) ለሦስቱ ትልልቅ ዕቃዎች 7,200 ብር አውጥቻለሁ። ጀርባው የሚያመው ሰው ይህን ቦርሳ ባይገዛ ይሻለዋል፤ አንድ ኪሎ ቢጨምርም ብረት ያለው ይሁንለት። ከአራት ሌሊት በላይ ለሚሄድም ስንቁ አይበቃውም። ካሜራ በሦስት ሌንስ የሚይዝ ሰው ጭራሽ አያስበው።

ከባሌ ጓደኞቼ አንዷ፣ ያቺ ስሊፒንግ ባጌ ውስጥ የገባችው፣ «3,500 ልስጥሽና ሽጪልኝ» ብላኛለች። አልሸጥም አልኳት። ለጥቅምት ግን አውሳታለሁ። ስፖንጁን ራሷ ትግዛ።