የወባ ምርመራ፦ ፈጣን ኪት ወይስ ማይክሮስኮፕ?

ከባቲ፣ ከሐርቡ ወይም ከቆቦ ቆላ ትኩሳት ይዞት ደሴ ለሚደርስ ታማሚ ላቦራቶሪው ሁለት መንገድ አለው።

ፈጣኑ ኪት 5 ማይክሮሊትር ገደማ ደም ይበቃዋል፤ መብራት አይፈልግም፤ እንደ ኪቱ ዓይነት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይነበባል። ትልቁ ጣጣው ብዙዎቹ ኪቶች ደም ውስጥ የሚፈልጉት የወባ ጥገኛ (ተውሳክ) የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን መሆኑ ነው። ፕሮቲኑ ጥገኛው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው አሁንም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። በተቃራኒው ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ፋልሲፓረም የተባሉ የወባ ጥገኞች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝተዋል፤ እነሱን ኤችአርፒ2 ብቻ የሚፈልግ ኪት ይስታቸዋል።

ማይክሮስኮፕ የሰለጠነ እጅና ዓይን ይጠይቃል። ደሙ በስላይድ (በመስታወት) ላይ በሁለት ዓይነት ይቀባል፦ ስስና ወፍራም። ሕዋሳቱን የሚያደርቀው ሜታኖል የሚነካው ስሱን ቅብ ብቻ ነው፤ ወፍራሙን ከነካው ቀይ ሕዋሳቱ ሳይፈርሱ ቀርተው ጥገኛውን ይሸፍኑታል። ከዚያ ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ ይቀለማል፦ 10 በመቶ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) 7.2 በሆነ ውሃ። «ኔጌቲቭ» ከመባሉ በፊት በዘይት ሌንስ ቢያንስ 100 መስክ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክፍል) መታየት አለበት፤ ወረፋ ሲበዛ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

ለጤና ኬላ ኪቱ ይሻላል። ለተኛ በሽተኛ ግን ስላይድ የግድ ነው፤ የጥገኛው ብዛት በሕክምናው መቀነሱን ኪቱ አይቆጥርም።