አዲስ ላፕቶፕ ወይስ አዲስ አልጎሪዝም? በፓይተን ፕራይም ቁጥር ለምታወጡ

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ልጆች፣ ፕራይም ቁጥር (ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል) የሚያወጣው ኮዳችሁ ሲንቀራፈፍ ደሴ ወጥታችሁ የላፕቶፕ ዋጋ ለመጠየቅ አትጣደፉ። እጥፍ ፈጣን ላፕቶፕ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሰዋል፣ በቃ። አልጎሪዝም (የስሌት ዘዴ) መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እስከ 1,000,000 ያሉትን ፕራይሞች እናውጣ። 78,498 ናቸው። እያንዳንዱን ቁጥር ከሱ በታች ባሉት ሁሉ እያካፈላችሁ ከፈተሻችሁ፣ ለፕራይሞቹ ብቻ ከ37 ቢሊዮን በላይ ማካፈል ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ሲግል ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። ይሄን እርሱት።

እስከ ስኩዌር ሩት ብቻ ማካፈል ይሻላል። ለአንድ ቁጥር ቢበዛ ወደ 1,000 ጊዜ ነው፤ በ2 የሚካፈሉትን ከዘለላችሁ ወደ 500 ይወርዳል። ለትንሽ ሥራ ይበቃል፣ ኮዱም አጭር ነው።

የኔ ምርጫ የኤራቶስቴንስ ወንፊት ነው። ምንም አያካፍልም። የ2ን ብዜቶች ይሰርዛል፣ ከዚያ የ3ን፣ የ5ን እያለ ይቀጥላል፤ ሳይሰረዙ የቀሩት ፕራይሞች ናቸው። ለአንድ ሚሊዮን ከ3 ሚሊዮን ያነሰ ስረዛ ይበቃዋል። ብዙዎች ግን በሊስት (በተለመደው የፓይተን ዝርዝር) ይሠሩትና ሜሞሪ ይበላባቸዋል። እስከ 10 ሚሊዮን ለመሄድ ሊስት ወደ 80 ሜጋባይት ሲይዝ ባይትአሬይ (ለአንድ ቁጥር አንድ ባይት ብቻ የሚመድበው) 10 ብቻ ይይዛል። ስረዛውንም አንድ በአንድ በፎር ሉፕ ሳይሆን ብዙውን ባንዴ በስላይስ አድርጉት፤ ያኔ ድካሙን የሚሸከመው ከፓይተን ሥር ያለው ፈጣኑ የሲ (C) ቋንቋ ኮድ ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪ ይቆጥባል። ነምፓይ (NumPy፣ ለቁጥር ሥራ የተሠራ የፓይተን ላይብረሪ) ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። የአትኪን ወንፊት የሚባልም አለ፤ ወረቀት ላይ ያምራል፣ በተራ ፓይተን ግን ልፋቱን አይመልስም።

የምትጠይቁት ስለ አንድ ግዙፍ ቁጥር ብቻ ከሆነ ወንፊቱን ተዉት። 2,305,843,009,213,693,951 ፕራይም ነው፤ ስኩዌር ሩቱ ብቻ 1.5 ቢሊዮን ያልፋል። እዚህ የሚያዋጣው ሚለር-ራቢን የሚባለው የፕራይም መፈተሻ ዘዴ ነው። ከ2 እስከ 37 ያሉትን 12 ፕራይሞች መሠረት (ቁጥሩ የሚፈተሽባቸው) ካደረጋችሁ፣ እስከ 64 ቢት ላለ ቁጥር መልሱ እርግጠኛ ነው፣ ዓይን እስክትጨፍኑም አይቆይም። ራሳችሁ መጻፍ ካልፈለጋችሁ ሲምፓይ (SymPy) በሚባለው የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል።

ብር ማውጣት የሚያስፈልገው ወንፊቱን ወደ ቢሊዮኖች ስትወስዱት ነው። ለ1 ቢሊዮን ባይትአሬዩ 1 ጊጋባይት ይፈልጋል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ወንፊቱን በትንንሽ ክፍል ከፋፍላችሁ ተራ በተራ አስኪዱት። አልበቃ ካለ ራም ጨምሩ፣ ላፕቶፑ ይቆይ።