ፒትከርን ወይስ ቶከላው?

ሁለቱም የፓሲፊክ ውቅያኖስ የደሴት ግዛቶች ናቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያም የላቸውም። ወደ ቶከላው መርከብ የሚሳፈሩት ከሳሞዋ፣ ከአፒያ ነው፤ ወደ ፒትከርን ደግሞ ከፈረንሳይ ፖሊኔዥያዋ ደሴት ከማንጋሬቫ።

በኒውዚላንድ ሥር ያለችው ቶከላው ሦስት ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች ናት። ከፍታቸው ከ5 ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ኃይለኛ ማዕበል ጨው ወደ እርሻውና ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ያስገባል፤ ስለዚህ ከጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ ይጠጣል። ነዋሪዋ 1,500 ገደማ ነው።

የብሪታኒያዋ ፒትከርን 50 የሚሆኑ ሰዎች የሚኖሩባት የእሳተ ገሞራ ዐለት ናት፤ 347 ሜትር ትደርሳለች። መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌላት ሰውም ዕቃም በጀልባ ይወርዳል፤ ባሕሩ ከከፋ መጠበቅ ነው።

በታሪክ ግን ፒትከርን ትበልጣለች ባይ ነኝ። በ1767 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው መርከበኛ ካርተሬት ኬንትሮሷን 3 ዲግሪ ያህል አሳስቶ ስለመዘገባት በካርታ ፈልጎ ማግኘቷ አስቸጋሪ ነበር። ባውንቲ በተባለችው የእንግሊዝ መርከብ አዛዣቸው ላይ ያመፁት መርከበኞች በ1790 የተሸሸጉት እዚያው ነው፤ እስከ 1808 ያገኛቸው አልነበረም። ቶከላው መሸሸጊያ አልነበራትም፤ በ1863 የፔሩ ባሪያ ፈንጋዮች ብዙ ሕዝቧን ወሰዱ።