ስኪ ወይስ ስኖውቦርድ? ለጀማሪ ገዢ የቀረበ ንጽጽር

ሁለቱም በበረዶ ተዳፋት ላይ መንሸራተት ናቸው፤ ስኪ በየእግሩ በሚታሰሩ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ሰሌዳዎች፣ ስኖውቦርድ (ባጭሩ ቦርድ) ደግሞ በአንድ ሰፊ ሰሌዳ። የሚማሩበት መንገድ፣ የሚጎዱት የአካል ክፍልና ገንዘብ የሚበሉበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ዕድሜዎ ከ35 ካለፈና በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ተራራ የሚወጡ ከሆነ ስኪ ይምረጡ። ወጣት ከሆኑና ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ መውደቅን ከቻሉ ስኖውቦርድ ያዋጣዎታል። የትኛውንም ቢመርጡ፣ በመጀመሪያው ዓመት ስኪውን ወይም ቦርዱን ራሱን አይግዙ፤ ይከራዩ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በዴንቨርና በአካባቢው፣ ተራራ ቅርብ በሆነባቸው ሌሎች ከተሞችም ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ለወቅቱ በሙሉ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። እግራቸው በየዓመቱ ለሚያድግ ልጆች ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በስኪ ሁለቱ እግሮች ተለያይተው ይቆማሉ፤ ፊትም ወደሚሄዱበት ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ያገኘ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቦ፣ ኋላቸውን ከፍቶ ፍጥነት መቀነስና መቆም ይችላል። አስቸጋሪው ነገር በኋላ ይመጣል፤ ሁለቱን ስኪዎች ጎን ለጎን ይዞ ገደል በሚመስል ቦታ መታጠፍ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ስኖውቦርድ የዚህ ግልባጭ ነው። ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ታስረዋል፣ አካል በጎኑ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው በመቀመጥና በመነሣት ያልፋል። በቁልቁለቱ በኩል ያለው የቦርዱ ጠርዝ በረዶውን ከነከሰ ሰውየው ለማሰብ ጊዜ ሳያገኝ ይዘረራል። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መሸጋገር ከተቻለ በኋላ ግን እድገቱ ፈጣን ነው፤ ባለ ስኪው ገና ጉልበቱን ሲያስተካክል ባለ ቦርዱ ተራራውን እየዞረ ይሆናል።

ሻጮች የማይነግሩን ትንንሽ ልዩነቶችም አሉ። ባለ ስኪ ወደ ተራራው በሚያወጣው የወንበር ሊፍት ላይ ስኪውን ሳይፈታ ይቀመጣል፤ ባለ ቦርድ የኋላ እግሩን በየጊዜው መፍታትና ሲወርድ በአንድ እግር መንሸራተት አለበት። ሜዳማ መንገድ ሲመጣ ባለ ስኪ በሁለት እጁ በያዛቸው ዘንጎች ይገፋል፣ ባለ ቦርድ ደግሞ እንደገና እግሩን ፈትቶ ይንፏቀቃል። ከባለ ቦርድ ጋር ለእረፍት የሚሄድ ቤተሰብ ሆቴል ከመያዙ በፊት ይጠይቅ፤ በአሜሪካ በዩታ አልታና ዲር ቫሊ፣ በቨርሞንት ማድ ሪቨር ግሌን የሚባሉት የስኪ ቦታዎች ስኖውቦርድ አያስገቡም።

ጉልበት ወይስ የእጅ አንጓ

ስኪ የሚያስፈራው በጉልበት ነው። ረጅሙ ስኪ ሲጠመዘዝ እግርን ይዞ ይጠመዘዛል፤ የጉልበት ጅማት የሚበጠሰውም እንዲህ ነው። ስለዚህ ቦት ጫማን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ በኃይለኛ ጠምዘዛ ጊዜ ቦቱን እንዲለቅ ተደርጎ ይሠራል። በስንት ኃይል እንደሚለቅ የሚወሰነው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በቦቱ ሶል ርዝመትና በራስዎ ችሎታ ነው። እዚህ ላይ ጉራ አያስፈልግም። በኪራይ ቅጹ ላይ "ጎበዝ ነኝ" ብሎ የሞላ ጀማሪ፣ ማሰሪያው መልቀቅ ሲገባው እንዳይለቅ በገዛ እጁ ፈርሟል። ሌላው የተለመደ የስኪ ጉዳት የአውራ ጣት ነው፤ ዘንግ ጨብጦ በእጅ ላይ ሲወድቁ ይመጣል። ሲወድቁ ዘንጉን መልቀቅ ይለማመዱ።

የስኖውቦርድ ማሰሪያ አይለቅም። ሁለቱ እግሮች አብረው ስለሚዞሩ ጉልበት የተሻለ ዕድል አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው የእጅ አንጓ ነው። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊቀበል ይሞክራል፣ አንጓውም ይሰበራል። ለዚህ የአንጓ መከላከያ ይሸጣል፤ ዋጋው ከአንድ የሐኪም ቤት ጉብኝት ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ቦርድ የሚከራይ ጀማሪ ሁሉ ሳይገዛው ባይሄድ እመርጣለሁ። በተጨማሪም መዳፍን ጨብጦ በክንድ ላይ መውደቅን፣ ወደ ኋላ ሲሆን ደግሞ አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ መቀመጥን መልመድ ያስፈልጋል።

በእጁ የሚተዳደር ሰው፣ ለምሳሌ ሹፌር፣ ነርስ ወይም ፀጉር ሠሪ፣ ይህን ልዩነት ከሁሉም በላይ ቢመዝነው ተገቢ ነው።

ቦት ጫማ

መጀመሪያ የሚገዛ ትልቅ ዕቃ ካለ ቦት ነው። የስኪ ቦት ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ አያስኬድም፤ የስኖውቦርድ ቦት ለስላሳ ነው፣ መኪና ማቆሚያው ድረስ በምቾት ያደርሳል። በምቾት ቦርድ ያለ ክርክር ያሸንፋል።

የስኪ ቦት መጠን በሴንቲሜትር ይለካል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣቶችዎ ፊቱን መንካት፣ ጉልበትዎን ሲያጥፉ ትንሽ መሸሽ አለባቸው፤ ተረከዝ ግን ፈጽሞ መነሣት የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ይጠበኛል" ብሎ ትልቅ በመግዛት ነው። በሰፊ ቦት ውስጥ እግር ሲዞር ስኪው አይዞርም። ሁለት ካልሲ መደረብም ያው ነው፤ አንድ ስስ የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ቦቱ ላይ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር (flex) ከፍ ባለ መጠን ቦቱ አይተጣጠፍም፤ ጀማሪ ዝቅተኛውን ይፈልግ። ቁጥሩ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በእግር ሞክሮ መግዛት እንጂ በኢንተርኔት ማዘዝ አይመከርም።

ያገለገለ ዕቃ

በዚህ ረገድ ሁለቱ ሰፊ ልዩነት አላቸው። ያገለገለ ስኖውቦርድ መግዛት ቀላል ነው፦ ጠርዙ ያልተሰነጠቀ፣ ብሎኖቹ የሚይዙ፣ ማሰሪያው የሚጠብቅ ከሆነ ይበቃል። እግርዎ ትልቅ ከሆነ የቦርዱን ስፋት ይመልከቱ፤ ጣት ከቦርዱ ወጥቶ በረዶ የሚነካ ከሆነ ይጥላል።

ያገለገለ ስኪ ግን ወጥመድ አለው። የማሰሪያ አምራቾች ኃላፊነት የሚወስዱባቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ያወጣሉ። ከዝርዝሩ የወጣን አሮጌ ማሰሪያ ጥሩ ሱቆች ለማስተካከል እምቢ ይላሉ። ስለዚህ በ50 ዶላር የተገኘ ስኪ ማሰሪያ ለመቀየር ከዋጋው በላይ ሊያስወጣ ይችላል፣ ሳይስተካከል መጠቀም ደግሞ ጉልበትን ማስያዝ ነው። የዛሬ ቦቶች ሶልም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከአሮጌ ማሰሪያ ጋር ላይገጥም ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት የማሰሪያውን ፎቶግራፍ ለሱቅ ያሳዩ።

ያገለገለ የራስ ቁር አይግዙ። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ የራስ ቁር ከውጭ ደህና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል።

የራስ ቁርና መነጽር

እዚህ ላይ ስኪና ስኖውቦርድ አይለያዩም። በአሜሪካ ኤኤስቲኤም ኤፍ 2040 (ASTM F2040)፣ በአውሮፓ ኢኤን 1077 (EN 1077) የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ይፈልጉ። በአውሮፓው ደረጃ ክፍል ኤ ከክፍል ቢ የበለጠ የራስ ክፍል ይሸፍናል። የብስክሌት ቁር ለዚህ አይሆንም። ሹሩባ የሚሠሩ እህቶች ቁሩን ተራራ በሚወጡበት የፀጉር አሠራር ይለኩት፤ በወፍራም ጉንጉን ላይ የተቀመጠ ቁር ግንባርን ገልጦ ይተዋል።

መነጽር እንደ ቅንጦት አይታይ። ንጹሕ በረዶ አብዛኛውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ዓይን ይመልሰዋል፣ ከፍታ ሲጨምር ጨረሩም ይጠነክራል። የኮሎራዶው ብሬክንሪጅ ግርጌው ብቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,926 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባን ከ500 ሜትር በላይ ይበልጣል። ከፍታው ራሱም ያደክማል፤ "እኔ የደጋ ሰው ነኝ" የሚለው ኩራት ሲያትል ወይም ዋሽንግተን ብዙ ዓመት ለኖረ ሰው አይሠራም። ውኃ ይጠጡ፣ የመጀመሪያውን ቀን ቀለል ያድርጉት።

አሠልጣኝ ወይስ ወዳጅ

ወዳጅ ነጻ ነው፤ ግን የሚወስድዎ እርሱ ወደሚወደው ቁልቁለት ነው። ለጀማሪ የሚሸጠው የቡድን ትምህርት በብዙ ቦታ ኪራይንና የጀማሪ ሊፍትን ጨምሮ ስለሚመጣ፣ በተናጠል ከመክፈል ሊረክስ ይችላል። በትላልቆቹ ተራሮች በበዓል ሰሞን የአንድ ቀን የሊፍት ትኬት ከ300 ዶላር በላይ መድረሱን ሲያስቡ ሒሳቡ ግልጽ ነው። በሥራ ቀን፣ አስቀድመው ይግዙ።

አሠልጣኙ ደጋግሞ የሚነግርዎ ነገር ስሜትን የሚቃረን ነው። የፈራ ሰው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብል የስኪው ፊት ይቀልላል፣ መታጠፍም ያቆማል። ቅልጥም የቦቱን ምላስ እየተጫነ መሄድ አለበት። በቦርድ ደግሞ ክብደት ወደ ፊተኛው እግር ነው። ዓይን ወደሚሄዱበት እንጂ ወደ ጫፉ አይመልከት።

አንድ ነገር አይዘንጉ፦ ከፊትዎ፣ ማለትም ከበታችዎ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። እርሱ አያይዎትም። የተዳፋቶች ቀለምም በአገር ይለያያል። በአሜሪካ አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ ነው። በአውሮፓ ሰማያዊ ቀላል ሲሆን በእርሱና በጥቁሩ መካከል ቀይ አለ። ከስቶክሆልም ዘመድ ጥየቃ ወደ ዴንቨር የመጣ ሰው "ሰማያዊ ለምጃለሁ" ብሎ ቢነሣ ያልጠበቀው ቁልቁለት ይገጥመዋል።

ከሁለቱም ሌላ ሦስተኛ አማራጭ ለሚፈልግ፣ በበረዶ ላይ በራስ ጉልበት የሚኬድበት የአገር አቋራጭ ስኪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በዚህ ነው። ቦቱ ቀላል ነው፣ ውድ የሊፍት ትኬት አይጠይቅም፣ ፍጥነቱ አነስተኛ ስለሆነ ጉዳቱም ይቀንሳል። ትንፋሽ ግን ይፈልጋል፤ ሩጫ ለሚወድ ሰው ከሦስቱ መጀመሪያ እንዲሞክረው የምመክረው ይህንን ነው።