ሊንስትሩመንትና ሃይድራሲንዝ፦ ኮርዱ ሳይነቃነቅ ማሲንቆ መጫወት

ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ግራ እጅ ኮርድ ይዟል። ቀኝ እጅ የማሲንቆ ዜማ ሊገባ ነው። ማሲንቆ ደግሞ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው፤ እንደ ፒያኖ አይዘልም። ለመንሸራተት የፒች ቤንዱን ጎማ፣ ማለትም ድምፅን ከፍና ዝቅ አድርጎ የሚያጣምመውን፣ መንካት አለብኝ፤ ለዚያ ግራ እጄ ኮርዱን መልቀቅ አለበት። ኮርዱን በፔዳል ብይዘው እንኳ ጎማው ዜማውንም ኮርዱንም አንድ ላይ ያጣምማቸዋል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሐበሻ ሰርግ ላይ ስጫወት 11 ዓመቴ ነው። ይህን ነገር ተላምጄው ነበር። ከአራት ወር በፊት ግን ሊንስትሩመንት 128 የሚባል ያገለገለ የሙዚቃ መቆጣጠሪያ በ700 ዶላር ገዛሁ። የሠራው ሮጀር ሊን ነው፤ በ1980 የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ የተቀዳባትን ኤልኤም-1 የከበሮ ማሽን ያወጣው ሰውዬ።

ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። በ8 ረድፍ፣ በየረድፉ 16 ሆነው የተደረደሩ ለስላሳ ፓዶች ናቸው። እያንዳንዱ ጣት ምን ያህል እንደተጫነ፣ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች የት እንደሄደ ለየብቻው ይለካል። የራሱ ድምፅ ግን የለውም። እኔ ያገናኘሁት ቤት ከነበረኝ ሃይድራሲንዝ ዴስክቶፕ ከሚባል ሲንቴሳይዘር (ድምፅ አመንጪ መሣሪያ) ጋር ነው።

ምስጢሩ ኤምፒኢ (MPE) የሚባለው አሠራር ነው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች በሚነጋገሩበትና ከ1983 ጀምሮ በምናውቀው ሚዲ፣ ፒች ቤንድ የሚሠራው በአንድ ቻናል ላይ ላለው ድምፅ ሁሉ ነው። በ2018 የጸደቀው ኤምፒኢ ግን ለእያንዳንዱ ኖት የራሱን ቻናል ይሰጠዋል። አንዱ ጣት ሲንሸራተት ሌላው ንቅንቅ አይልም።

የመጀመሪያው ምሽት አድካሚ ነበር። ሁለቱን በዩኤስቢ ገመድ አገናኘሁና ጭጭ አሉ። ለካ ሁለቱም ኮምፒውተር ነው የሚጠብቁት፤ በቀጥታ አይነጋገሩም። መፍትሔው የድሮው ባለ አምስት እግር የሚዲ ገመድ ነው። ሊንስትሩመንቱ ላይ መውጫውን ከዩኤስቢ ወደ ሚዲ ቀየርኩ፤ ኃይል ከስልክ ቻርጀር ሰጠሁት። ድምፅ መጣ።

ቀጥሎ ደግሞ አንድ ኦክታቭ ሙሉ ስንሸራተት ድምፁ ፈቀቅ ያለው በሩብ ቶን ብቻ ነው። የፒች ቤንድ ስፋቱ በአንዱ 48 ግማሽ ድምፅ፣ በሌላው 2 ሆኖ ነበር። ይህን ቁጥር በሁለቱም በኩል 48 አድርጉት። አንድ ሰዓት ሙሉ የፈለግኩት ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። በግራ እጄ ዶና ሶልን ያዝኩ። በቀኝ አንድ ጣት ከሬ ወደ ሚ ቀስ ብዬ ጎተትኩ፤ ሚ ላይ ስደርስ ጫን አልኩና ፊልተሩ ተከፍቶ ድምፁ ደመቀ፤ ጣቴን እዚያው ወዝወዝ ሳደርገው ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ታች ያለው ኮርድ ዝም ብሎ ቆሟል። ትዝታ ነው! እጄን አንስቼ ቁጭ አልኩ።

ከእኛ ባንድ ጋር ማሲንቆ ለሚመቱት ጋሼ አሰማኋቸው። «ልጄ፣ ጭራ የለው፣ ቆዳ የለው፣ ከየት አምጥቶ ነው የሚያለቅሰው?» አሉኝ።

ለቅኝት በጣም ይመቻል። የሚበሩትን ኖቶች ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። የባቲን አምስት ድምፅ ብቻ አብርቼ እጫወታለሁ። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ድምፁን ወደ ፒያኖው ልክ የሚመልሰውን ማስተካከያ አጥፍቼ ጆሮዬ የፈለገው ቦታ ላይ አቆመዋለሁ። ረድፎቹ በአራተኛ ልዩነት ስለተቃኙ የእጅ ቅርፅ ከየትኛውም ድምፅ ብትነሱ ያው ነው። ዘፋኙ መድረክ ላይ ዞሮ «ግማሽ ከፍ አድርጊልኝ» ሲለኝ እጄን አንድ ፓድ ወደ ቀኝ ማሻገር ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ ፒያኖ ለለመደ እጅ ከባድ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሳሳተ ፓድ ስነካ ነበር። ፈጣን የፒያኖ ሩጫ አሁንም በድሮው ኪቦርዴ ነው የምጫወተው። ሃይድራሲንዙም በአንድ ጊዜ 8 ኖት ብቻ ስለሚያሰማ፣ ጅራቱ ረጅም በሆነ (ጣት ከተነሳ በኋላም በሚቆይ) ድምፅ ሁለት እጅ ሙሉ ከተጫወታችሁ የቆዩት ኖቶች ይቆረጣሉ። እኔ የድምፁን ጅራት አሳጥሬዋለሁ። የሚዲ ገመዱም በሰከንድ 31,250 ቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ እስካሁን ግን በሦስት አራት ጣት ስጫወት የመዘግየት ነገር አልታየኝም።

ሲንቴሳይዘር ቤታችሁ ካለ፣ መቆጣጠሪያ ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያው ላይ ኤምፒኢ የሚል ቃል ፈልጉ። ከሌለ በእያንዳንዱ ጣት መንሸራተቱ አይሠራላችሁም። ካለ ግን ገመዱን ግዙና ያንን 48 አስተካክሉ፤ ከዚያ መጀመሪያ ትዝታን ሞክሩ።