ዩቢኪ፦ ለትንሽ ቢሮ ኢሜይል የምመርጣት ቁልፍ

ሥራችን የሰው ሒሳብ መያዝ ነው። ጥቂት ሰዎች ነን። የራሳችን ሰርቨር የለንም፤ የኮምፒውተር ባለሙያም አልቀጠርንም። ያለን ኢሜይል፣ የደንበኛ ፋይል የተቀመጠበት ድራይቭና ኢንተርኔት ባንክ ነው። ዩቢኪንም የምመዝናት የሰው ገንዘብና ምስጢር በአደራ እንደያዘ ሰው ሆኜ ነው።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። አካውንት የሚከፍተው ባለቤቱ መሆኑን የምታረጋግጥ ትንሽ ዕቃ ናት። መልኳ ፍላሽ ዲስክ ይመስላል፤ ፋይል ግን አይቀመጥባትም። ባትሪ የላትም፣ ስክሪን የላትም፣ ቻርጅ አትፈልግም። የሚያመርታት ዩቢኮ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ስዊድን ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ኢሜይሌን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ፓስዎርዴን አስገባለሁ። ከዚያ ቁልፏን ዩኤስቢው ላይ ሰክቼ ወርቃማውን ቦታ በጣቴ ነካ አደርጋለሁ። በቃ፣ ተከፈተ። ስልክ ላይ ከሆነ ኤንኤፍሲ (ሳይሰካ በቅርበት የሚያገናኝ) ያላትን ሞዴል ወደ ስልኩ ጠጋ ማድረግ ነው። ሁልጊዜ የምሠራበትን ኮምፒውተር አካውንቱ ስለሚያውቀው በየቀኑ አታስቸግረኝም።

«በስልክ የሚላከው ኮድ ምን አነሰው?» ብለው ባልደረቦቼ ጠይቀውኝ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኮድ ከምንም ይሻላል። ግን የዛሬ አጭበርባሪ ፓስዎርድ ብቻ ሰርቆ አይሄድም። ቁርጥ የኢሜይሉን መግቢያ የሚመስል የሐሰት ገጽ ያዘጋጃል። ሠራተኛው «ኢንቮይስ ተልኮልዎታል» የሚል ሊንክ ይነካና ፓስዎርዱን እዚያ ይጽፋል። ኮዱ ስልኩ ላይ ይመጣል፤ እሱንም ይጽፋል። ሌባው ሁለቱንም ወዲያው እውነተኛው ገጽ ላይ አስገብቶ ይገባል። ኮዱ በኤስኤምኤስ ቢመጣም፣ ኮድ ከሚያወጣ የስልክ አፕ (ከኮድ አፕ) ላይ ቢነበብም ያው ነው። ኤስኤምኤስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ የስልክ ኩባንያ ሠራተኛን አታልሎ የእናንተን ቁጥር ወደ ራሱ ሲም ካርድ የሚያዛውር ሌባም አለ።

ዩቢኪ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ስትመዘገብ ከእውነተኛው ገጽ አድራሻ ጋር ትተሳሰራለች። ከዚያ በኋላ በገባችሁ ቁጥር የትኛው አድራሻ እንደጠየቀ ብራውዘሩ ይነግራታል። አድራሻው በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለይ ለዚያ ገጽ የምትሰጠው መልስ የላትም። ምስጢሩም ከውስጧ አይወጣም። ስለዚህ ሠራተኛው ፓስዎርዱን ለሐሰተኛው ገጽ ቢሰጥ እንኳ ሌባው በዚያ ብቻ አይገባም። ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ወር መጨረሻ ላይ ኢንቮይስ ሲጎርፍና ዓይን ሲደክም «ሊንክ ከመንካታችሁ በፊት አስተውሉ» የሚለው ምክር ብዙ አያስኬድም። የደከመ ሰው ላይ መጮህም ልክ አይመስለኝም። አድራሻ የማረጋገጡ ሥራ ለማይደክም ዕቃ ይሰጥ።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ሠራተኞቹ ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ቁልፍ እንዲገቡ አስገደደ። በ2018 እንደተናገረው ከዚያ ወዲህ ከ85,000 በላይ ከሆኑት ሠራተኞቹ አንድም ሰው የሥራ አካውንቱን በሐሰተኛ ገጽ አልተነጠቀም።

ቁልፏን መጀመሪያ የምታስገቡት ኢሜይላችሁ ላይ ይሁን። ኢሜይል የያዘ ሌባ አይቸኩልም። ዝም ብሎ ያነብባል። ደንበኛ የሚከፍልበት ቀን ሲደርስ ከእናንተው አድራሻ፣ በዚያው የመልእክት ልውውጥ ውስጥ፣ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል። ደንበኛው ለእናንተ የከፈለ መስሎት ለሌባ ይከፍላል። በዚያ ላይ የሌሎች አካውንቶች «ፓስዎርድ ረሳሁ» ሊንክ የሚመጣው ወደ ኢሜይል ነው። ብዙ ባንኮች ዩቢኪን አይቀበሉም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ኢሜይሉ ከተጠበቀ ግን አብዛኛው መንገድ ተዘጋ።

አሁን ወደ ጉድለቷ። አንዲቷን ቁልፍ ገልብጦ ሌላ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ትገዛላችሁ፤ አንዷ ከእናንተ ጋር፣ ሌላዋ ካዝና ውስጥ። አዲስ አካውንት በከፈታችሁ ቁጥር ሁለቱንም ማስመዝገብ አለባችሁ። ያሰለቻል። ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ መኖር ፈጽሞ አልመክርም። ለቁልፏ ፒን (የምስጢር ቁጥር) ካወጣችሁላት ደግሞ፣ እሱን በተከታታይ ስምንት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ትቆለፋለች፤ መፍትሔው ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

ሌላው፣ የውስጥ ሶፍትዌሯ አይታደስም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒንጃላብ የተባለ ተቋም በቺፑ ላይ ክፍተት አገኘ፤ የሶፍትዌራቸው ቁጥር ከ5.7 በታች የሆነ የአምስተኛው ተከታታይ (ዩቢኪ 5) ቁልፎች እንደያዙት ይቀራሉ። ጥቃቱ ግን ቁልፏን በእጅ ይዞ፣ ከፍቶ፣ ውድ መሣሪያ ላይ ማድረግን ይጠይቃል። እንደኛ ላለ ቢሮ በዚህ ምክንያት ያለችውን መጣል አያስፈልግም። አዲስ የሚገዛ ግን 5.7 ወይም ከዚያ በላይ መሆኗን ይጠይቅ።

ይህን ሻጮች ደጋግመው ስለማይነግሯችሁ ልብ በሉልኝ፦ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቫይረስ ገብቶ፣ ብራውዘሩ «ይህ ሰው ገብቷል» ብሎ የያዘውን መረጃ ከሰረቀ ዩቢኪ አታድንም። ዊንዶውስንና ብራውዘሩን ማደስ፣ ያልታወቀ ፕሮግራም አለመጫን እንዳለ ነው። ቁልፏን አስመዝግባችሁ ስልክ ቁጥሩን በመጠባበቂያነት ከተዋችሁት ደግሞ የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ክፍት መተው ነው። ቁጥሩን ሰርዙት፤ አካውንቱ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮድ ወረቀት ላይ አትማችሁ ከሁለተኛዋ ቁልፍ ጋር አስቀምጡ።

ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ቁልፏን መቀበል ብቻውን አይበቃም። ከአካውንቱ ላይም ይሰረዝ። ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ኢሜይል ይዛችሁ ከሆነ ይህን ማድረግ ይከብዳል፤ ለእያንዳንዱ የራሱን አካውንት ክፈቱ።

የትኛዋን ልግዛ ለሚለኝ፦ ለአብዛኛው ሠራተኛ «ሴኪዩሪቲ ኪይ» የምትባለው ርካሿ ትበቃለች። አምስተኛው ተከታታይ የኮድ አፕን ሥራም ስለምትሠራ፣ ብዙ አካውንት ለሚያስተዳድረው ሰው እሷን ውሰዱለት። ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፖቻችሁን ቀዳዳ እዩ፤ ዩኤስቢ-ኤ ያላት አለች፣ ዩኤስቢ-ሲ ያላትም አለች። ያገለገለች ቁልፍ አትግዙ። ከአምራቹ ወይም ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ ማሸጊያዋ ሳይከፈት ተቀበሉ።